ስልኩን የምታነሳዋ ሴት የት ገባች?

ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የተሠሩ የአውሮፓ ፊልሞች በደንብ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ያለውን ዝምታ። ቁልፉ ሲዞር፣ ኮቴው ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ፣ ልጁ ሹካውን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ ሲያሳርፍ። ይህን ያውቁበታል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ሲበዛ ያውቁበታል። የማያውቁበት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሴትየዋ ወጣች እንበል። በቤት ጫማ፣ ልጇን በአንድ እጇ ይዛ፣ በእኩለ ሌሊት ወጣች። እሺ፣ ከዚያስ? ስልክ ስትደውል ማን አነሳላት? የት አደረች? ያደረችበት አልጋ እዚያ እንዲገኝ ማን ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጋር ስንት ዓመት ተጨቃጨቀ?

ያለፈውን ወር ይህን ጥያቄ ይዤ አራት የአውሮፓ ፊልሞችን ተራ በተራ ተመለከትኩ። አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም አነበብኩ። አዎ፣ ስምምነት። እንደ ሕግ ሰነድ ብቻ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ፤ ማንን ባለታሪክ እንዳደረገ፣ ማንን ከጀርባ እንዳቆመ እያየሁ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለምን እንደማወራ ልንገራችሁ። አንዲት የተደበደበች ሴት ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ፖሊስ ጋ ትሄዳለች፣ የቀበሌ ዓይነት ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች። እነዚህ ለሁሉም ሰው የተከፈቱ በሮች ናቸው። የተሰበረ እግርም፣ የጠፋ መታወቂያም፣ የቤት ኪራይ ጥያቄም የሚያስተናግዱት እነሱ ናቸው። ሌሎች በሮች ደግሞ አሉ፤ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተከፈቱ። አድራሻው የማይነገር መጠለያ፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚነሳ ስልክ፣ የተደፈረች ሴት ሐኪምም አማካሪም አንድ ላይ የምታገኝበት ማዕከል፣ የስደተኛ ሴቶችን ኬዝ ብቻ የሚይዙ ጠበቆች። ልዩ ድጋፍ የሚባለው ይሄ ነው። በ1971 ምዕራብ ለንደን ቺዝዊክ ውስጥ ኤሪን ፒዚ ለሴቶች ቤት ስትከፍት ይህንን የሚጠራ ቃል እንኳ ገና አልተለመደም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ሴቶች በመዋጮ፣ በብድር ቤት፣ በጎ ፈቃደኛ እየለመኑ አቆሙት። መንግሥታት የመጡት በኋላ ነው፤ የመጡትም ግማሽ ልባቸውን ይዘው።

ከስፔን ልጀምር። የአይሲያር ቦላይን የ2003 ፊልም ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ «ዓይኖቼን እሰጥሃለሁ» ማለት ነው። ቶሌዶ ከተማ፣ የክረምት ሌሊት፣ ፒላር የምትባል ሴት ልጇን ይዛ ወደ እህቷ ትሸሻለች። እህቷ የድሮ ሥዕል አዳሽ ናት፤ የኤል ግሬኮ ትልቁ ሥዕል ባለበት በሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ታስገባታለች። ፊልሙ ሰባት የጎያ ሽልማት ወስዷል፣ ይገባዋልም። ሉዊስ ቶሳር የሚጫወተው ባል፣ አንቶኒዮ፣ ከጭራቅ በላይ ያስፈራል። ምክንያቱም ያለቅሳል፣ ስጦታ ይገዛል፣ ይወዳታልም። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ሰው እናውቃለን፤ ለዚህም ነው ፊልሙን ስናይ ወንበራችን ላይ የምንቁነጠነጠው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አንቶኒዮ የሚሄድበት ቦታ አለው። ወንዶች በክብ የሚቀመጡበት ክፍል፣ የሚሰማው ባለሙያ፣ ስሜቱን የሚጽፍበት ደብተር። ፒላርስ? እናቷ ትዳሯን እንድትጠብቅ ትፈልጋለች፤ እህቷ ትወዳታለች ግን አይገባትም። ከፊልሙ ከባድ ትዕይንቶች በአንዱ ባሏ ልብሷን አውልቆ እርቃኗን በረንዳ ላይ ይቆልፍባታል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። ፖሊሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የት እንደተመታች ይጠይቃታል። ሰውነቷ ላይ የሚታይ ነገር የለም። የተሰበረው ውስጧ ነው፣ ለውስጥ ደግሞ ቅጹ ላይ ሳጥን የለውም። በቃ፣ ተነስታ ትወጣለች።

አንዳንድ ሰው ይህን የፊልሙ ጉድለት ሊለው ይችላል፤ ለወንዱ ሕክምና ሰጥቶ ሴቷን ባዶ እጇን መተዉን። እኔ እንደ ምስክርነት ነው ያነበብኩት። ቦላይን ካሜራዋን ባዶው ቦታ ላይ አቁማ፣ እዩት፣ እዚህ ምንም የለም ያለችን ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ ፒላር ዕቃዋን ልታወጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ አብረዋት ይሄዳሉ። ብዙ አይናገሩም። እሷ ዕቃዋን እስክትሰበስብ ይቆማሉ፣ ባልየው ያያል፣ ይወጣሉ። መጠለያና አማካሪ የሚባለው ነገር ሁሉ ቢሮና ማኅተም ከማግኘቱ በፊት እንደዚያ ነበር፤ አብረው የሚቆሙ ሁለት ሴቶች።

ስፔን ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃትን የሚመለከት ሕጓን ያጸደቀችው በ2004 መጨረሻ ነው። 016 የሚባለው ስልክ ሥራ የጀመረው በ2007። ስለዚህ ስልክ አንድ ዝርዝር አለ፣ እኔን ከማንኛውም ፊልም በላይ የገረመኝ። ወደ 016 የተደወለ ጥሪ የስልክ ሂሳብ ወረቀት ላይ አይወጣም። ከቀፎው ላይ ግን ደዋይዋ ራሷ ማጥፋት አለባት፤ ይህንንም ይነግሯታል። አስቡት፤ ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው የሂሳቡን ወረቀት ማን እንደሚከፍተው ያውቃል። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ባል እንዳለ ያውቃል። ልዩ ድጋፍ ውስጥ ያለው «ልዩ» ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ዕውቀት ነው፣ አጠቃላይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለማንም ትዝ የማይል።

የፈረንሳዩ የዛቪየ ለግራን ፊልም «እስከ ማሳደግ መብቱ» ልንለው እንችላለን፤ በ2017 ቬኒስ ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አግኝቷል። የሚጀምረው ዳኛ ቢሮ ውስጥ ነው። እናትና አባት፣ በየጎናቸው ጠበቃ፣ አንዲት ዳኛ፣ የልጁ ቃል የተጻፈበት ወረቀት። ሁለቱም ወገኖች በደንብ ያወራሉ። እኛም እንደ ዳኛዋ ማንን እንደምናምን አናውቅም። ለግራን ተንኮለኛ ነው፣ ጥርጣሬውን እኛው ላይ ይጭናል። ዳኛዋ አባትየው ልጁን ቅዳሜና እሁድ እንዲያይ ትፈቅዳለች፤ ያ ውሳኔ ቀስ እያለ ወደ መጨረሻው ሌሊት ያደርሰናል። ሰውዬው ጠመንጃ ይዞ በር ላይ ነው። እናትና ልጅ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝተዋል። ያላቸው አንድ ነገር በስልክ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነግራቸዋል፣ አትነሱ ይላቸዋል፣ እየመጡ ነው ይላቸዋል።

ይህ ድምፅ በአራቱም ፊልሞች ውስጥ ካሉት ረዳቶች ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ነው፤ ፊት ግን የለውም። የአደጋ ጊዜ የፖሊስ ስልክ ነው እንጂ የሴቶች መስመር አይደለም። ልዩነቱ ምንድነው ትሉ ይሆናል። የአደጋ ስልክ የሚያስፈልገው ጠመንጃው በር ላይ ሲደርስ ነው። የሴቶች መስመር የሚያስፈልገው ከዚያ በፊት ነው፤ ያቺ እናት ዳኛ ፊት ከመቅረቧ በፊት ከጎኗ ተቀምጦ «ይህን ሰነድ አምጪ፣ ያንን የሐኪም ወረቀት አትርሺ፣ ልጁ እንዲህ ሲል ዳኛዋ እንዲህ ልትረዳው ትችላለች» የሚላት ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት። ለግራን ፊልሙን ከችሎት ወደ ሽብር ሲወስደው በመካከል ያለውን ይህን ክፍል ይዘለዋል። አሪፍ ፊልም ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሆኖም ሴትየዋን ያዳናት ፍጥነት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ያሳየናል።

አሁን ወደ እንግሊዝ፣ ብዙ ልቆይ ወደምፈልግበት።

በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች አይሽዋርያ ራይን ማን እንደሆነች አይነገረንም። በ2006 ጃግ ሙንድራ በሠራው «ፕሮቮክድ» ግን አትዘፍንም፣ አትጨፍርም። የኪራንጂት አህሉዋሊያን ታሪክ ትጫወታለች፣ እውነተኛ ታሪክ። ኪራንጂት በ1979 ከፑንጃብ በትዳር ወደ እንግሊዝ መጣች። አሥር ዓመት ተደበደበች። በ1989 ባሏ በተኛበት ነዳጅ አርከፍክፋ እሳት ለኮሰች፤ ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ ከዚያ በአነስተኛው የወንጀል ዓይነት ተፈርዶባት፣ የታሰረችበት ጊዜ ቅጣቷን ስለሸፈነ ወዲያው ተፈታች። የእንግሊዝ ሕግ የተደበደበች ሴትን እንዴት እንደሚያይ ካስተካከሉት ጉዳዮች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ከ1989 እስከ 1992 መካከል ምን ተፈጠረ? እዚህ ላይ ፊልሙና እውነቱ ይለያያሉ። በእውነቱ ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስ የሚባል ድርጅት ነበረ። በ1979 በምዕራብ ለንደን የተቋቋመ፣ የእስያና የጥቁር ሴቶች ድርጅት። ሴቶቹ እስር ቤት ሄደው ቋንቋዋን እያወሩ አዳመጧት። ለመጀመሪያው ችሎት ያልቀረበውን የሕይወት ታሪኳን አሰባሰቡ። ሰልፍ ወጡ፣ ጋዜጠኛ አናገሩ፣ አዲስ ጠበቃ ፈለጉ። ድካም ነው እንግዲህ፤ ወረቀት፣ አውቶቡስ፣ የእስር ቤት ጉብኝት ሰዓት፣ እንደገና ወረቀት።

ፊልሙ ውስጥ ድርጅቱ አለ። ናንዲታ ዳስ ራድሃ የምትባለውን አክቲቪስት ትጫወታለች፣ በደንብም ትጫወታለች። የታሪኩ ቁልፍ ግን ወደ ሌላ ሰው እጅ ይሄዳል። ኪራንጂት እስር ቤት ውስጥ አንዲት ነጭ እንግሊዛዊት ጓደኛ ታገኛለች፤ ሚራንዳ ሪቻርድሰን ናት። እንግሊዝኛ ታስተምራታለች፣ ከሌሎች እስረኞች ትከላከልላታለች። ወንድሟ ደግሞ፣ እንዴት ያለ ዕድል ነው፣ ታላቅ ጠበቃ ነው! ሮቢ ኮልትሬን ጋውኑን ለብሶ ይመጣል፤ ያሸንፋል።

ዕድል ለፊልም ይመቻል፣ ይገባኛል። ሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓመት ጭቅጭቅ አይገባም። እዚህ ላይ የጠፋው ግን ጊዜ ብቻ አይደለም። ጥያቄው «ኪራንጂትን ማን ሰማት?» የሚል ከሆነ የፊልሙ መልስ አንዲት ደግ እስረኛ ነው። የታሪኩ መልስ ግን ቢሮ ነው። ኪራይ የሚከፍል፣ ደመወዝ የሚከፍል፣ በየዓመቱ የከተማ ምክር ቤት በር ላይ ቆሞ በጀት የሚጠይቅ ቢሮ። ደግነት በየእስር ቤቱ በአጋጣሚ ይገኛል። ቢሮው ከሌለ ግን ከኪራንጂት ቀጥላ የምትመጣው ሴት ጠበቃ ወንድም ያላት ጓደኛ እስክታገኝ ትጠብቅ ማለት ነው።

ፊልሙ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ የሆነውን ስሙ። በ2008 ድርጅቱ ያለበት የኢሊንግ ምክር ቤት ገንዘቡን ለመላው የአካባቢው ነዋሪ አንድ ዓይነት አገልግሎት ለሚሰጥ አካል አደርጋለሁ አለ። ምክንያቱ ሲሰማ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለምን ለእስያና ለጥቁር ሴቶች ብቻ? ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ማኅበረሰብን አንለያይ። ሴቶቹ ከሰሱ። ጉዳዩ በሚሰማበት ጊዜ ምክር ቤቱ ራሱ ወደኋላ አለ፤ ዳኛው ሎርድ ጀስቲስ ሞዝስ ግን ፍርዱን በጽሑፍ ሰጡ። በአጭሩ ሲጠቃለል፣ ለአናሳዎች የሚሰጥ ልዩ አገልግሎት እኩልነትን አያፈርስም፣ እኩልነት አንዳንዴ የሚገኘው በእሱ በኩል ነው የሚል ነበር።

ይህን ፍርድ ሳነብ ቆም አልኩ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ገደማ በአንድ የአውሮፓ ከተማ በስልክ አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ሥራው በደቂቃ ነው የሚከፈለው። ጠዋት የጥርስ ሐኪም፣ ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ማንነቷን የማላውቃት ሴት። የኛ ሰው «ባሌ ይደበድበኛል» ብሎ አይጀምርም። «ፀባዩ ከፋ» ይላል። «አስቸገረኝ» ይላል። «ቤቱ ሰላም የለውም»፣ «እጁን ያነሳብኛል»፣ ወይም ደግሞ «እንዲያው ዝም ብሎ ነው» ብሎ ነገሩን ይውጠዋል። ገመና አደባባይ አይወጣማ። ሌላው ደግሞ፣ በትዳር ውስጥ ያለ ፍላጎቷ የሆነውን አንዲት ሴት በአማርኛ በምን ቃል ትንገረኝ? «ደፈረኝ» ብትል ያ ቃል ለማያውቁት ሰው፣ ለጨለማ መንገድ የተቀመጠ ይመስላታል። «ባሌ እኮ ነው» ብላ ታቆማለች።

እኔ የተባለውን ነው የማስተላልፈው፤ ደንቡም ያ ነው። በአንድ አጠቃላይ ቢሮ «እጁን ያነሳብኛል» ያልኩላቸው ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ሲነበብልኝ «አለመግባባት አለ» ሆኖ ነበር የተመዘገበው። በአንድ የሴቶች መጠለያ ደግሞ ስልኩ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሰምታ ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ እጁን ካነሳ በኋላ እጁ የት ነው የሚያርፈው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያቺ ሠራተኛ አማርኛ አታውቅም፤ ሴቶች በየቋንቋቸው እንዴት ዙሪያውን እንደሚሄዱ ግን ታውቃለች። ይህን ትዕይንት ከአራቱ ፊልሞች በአንዱም አላገኘሁትም።

እንግዲህ ወደ ስምምነቱ። የአውሮፓ ምክር ቤት በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል ያወጣው ሰነድ በግንቦት 2011 ኢስታንቡል ላይ ለፊርማ ቀረበ፣ በነሐሴ 2014 ሥራ ላይ ዋለ። ከተማዋ ስሟን ሰጠችው። በ2021 ቱርክ ራሷ ወጣችበት። የሠርጉ ቤት ባለቤት ከሠርጉ ተነስቶ ሲወጣ አስቡት።

እንደ ጽሑፍ ደረቅ ነው። አብዛኛው ዓረፍተ ነገር «ተዋዋይ ወገኖች አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳሉ» በሚል ይጀምራል፤ አሥረኛው ላይ ስትደርሱ እንቅልፍ ይመጣል። ግን አንቀጽ 22 ላይ ስትደርሱ ንቁ። እዚያ ልዩ ድጋፍ ራሱን ችሎ ቆሟል፤ ከአጠቃላዩ አገልግሎት ተለይቶ፣ በአገሩ ሁሉ ተዳርሶ፣ ለአፋጣኙም ለረጅሙም ጊዜ፣ ለሴቶቹም ለልጆቻቸውም። አንቀጽ 23 መጠለያ፣ 24 ነፃና ሌት ተቀን የሚሠራ ስልክ፣ 25 ለተደፈሩ ሴቶች ማዕከል። አብሮት የወጣው ማብራሪያ ቁጥር ሳይቀር ያስቀምጣል፤ ለ10,000 ነዋሪ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር የምታድርበት አንድ ቦታ። ማብራሪያው እንዲህ ያለውን ሥራ የሴቶች ድርጅቶች እንደሚችሉበትም ይመሰክራል። አንቀጽ 18 ውስጥ ደግሞ የቦላይንን ፖሊስ ጣቢያ የሚመልስ ሐሳብ አለ፤ አገልግሎቱ ሴትየዋ ክስ ለመመሥረት ወይም ለመመስከር ፈቃደኛ በመሆኗ ላይ መመሥረት የለበትም። ቁስልሽን አሳዪ፣ ከዚያ አልጋ እንሰጥሻለን ማለት አይቻልም።

ለኛ ሰው ደግሞ አንቀጽ 48 አለ። በእንዲህ ያለ ጥቃት ላይ የግዴታ ሽምግልናና እርቅን እንዲከለክሉ አገሮቹን ያዛል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ስቶክሆልምም ፍራንክፈርትም ያለ ያገራችን ሰው ቤቱ ሲታመስ መጀመሪያ የሚጠራው ማንን ነው? ሽማግሌ ነው፣ የንስሐ አባት ነው፣ «የክርስትና እናቴ ታናግረው» ነው። ሽምግልና በራሱ ጠላት አይደለም፣ ስንት ነገር አድኗል። ችግሩ ጠረጴዛው ነው። አንዱ ወገን ማታ የሚመታ፣ ሌላው ማታ የምትመታ ሆነው እኩል አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ «ተው አንተም፣ አንቺም ተይ» የሚለው ፍርድ ለማን ያደላል? ሳውዝሆል ያሉትም ሴቶች ፖሊስና ምክር ቤት የእስያ ሴቶችን ጉዳይ «ባህላቸው ነው» እያሉ ወደ ማኅበረሰቡ መሪዎች ሲመልሱ ለዓመታት የታገሉት ይህንኑ ነው።

ስምምነቱ የጎደለው ነገር የለም አልልም። አገሮች የማይመቻቸውን አንቀጽ በተዓቅቦ እንዲያልፉ በር ይተዋል። አንቀጽ 59 የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ትዳሩ ሲፈርስ የራሷን ፈቃድ እንድታገኝ ይላል። እንግሊዝ ሰነዱን ከፈረመች አሥር ዓመት ቆይታ በ2022 ስታጸድቅ ይህን አንቀጽ ነጥላ አስቀረችው። እንግዲህ ኪራንጂት የገባችበት በር፣ በትዳር ቪዛ የመጣች የሩቅ አገር ሴት በር፣ ተዓቅቦ የተንጠለጠለበት ያ ነው። ጀርመን ደግሞ ለሴቶች ጥበቃና ምክር እንደ መብት እንዲሰጥ ሕግ ያወጣችው በ2025 ነው፤ መብቱ የሚጀምረው ግን በ2032። እስከዚያ በብዙ ቦታ የመጠለያው ወጪ በአዳር ተሰልቶ ሴትየዋ ከምታገኘው የመንግሥት ድጎማ ነው የሚከፈለው፤ ድጎማ የማይገባት፣ ለምሳሌ ተማሪ ከሆነች፣ ሂሳቡ ወደ ራሷ ይመጣል።

አራተኛው ፊልም የአየርላንድ ነው፣ በ2020 የታየው «ኸርሰልፍ»፣ በፊሊዳ ሎይድ። ጽሑፉ የክሌር ደን ነው፤ ዋናዋንም ገጸ ባሕርይ፣ ሳንድራን፣ ራሷ ትጫወታለች። ሳንድራ ከባሏ ሸሽታ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ደብሊን ውስጥ በጊዜያዊነት ሆቴል ትቀመጣለች። ሆቴሉ ትልቅ ነው፣ ያምራል። ግን በፊት ለፊቱ በር አትገባም፤ እንግዶች እንዳያዩአቸው በጓሮ በር ግቡ ትባላለች። ያ ትዕይንት አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለ መጠለያ እጦት ከተጻፉ ሪፖርቶች ብዙዎቹን ይተካል። ልዩ መጠለያ ሲጠፋ ሴቷ መንገድ ላይ ብቻ አይደለም የምትወድቀው፤ ንጹሕ አንሶላ ያለው፣ ማንም የማያናግራት ክፍል ውስጥም ትወድቃለች።

ከዚያ ሳንድራ በ35,000 ዩሮ ራስዋ ቤት መሥራት እንደሚቻል ኢንተርኔት ላይ ታያለች። የምታጸዳላት ሐኪም ከጓሮዋ መሬት ትሰጣታለች፣ ሰዎች ይሰባሰባሉ፣ ግድግዳው ይቆማል። ደቦ ነው እኮ! እኛ ደቦን እናውቃለን፤ እኔም አልቅሻለሁ። ያም ሆኖ እንደ «ፕሮቮክድ» ሁሉ እዚህም ነገሩ በአንድ ባለጸጋ ደግነት ላይ ይቆማል። ፊልሙን የሚያድነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፍርድ ቤት ውስጥ ለምን ቀድማ እንዳልሄደች ስትጠየቅ፣ እሱ ለምን እንዳላቆመ ለምን አትጠይቁትም ብላ የምትመልስበት ቅጽበት። ሁለተኛው መጨረሻው ነው። ያላያችሁ ይህን ዓረፍተ ነገር ዝለሉት፤ ቤቱ ይቃጠላል። ደን ደቦው ብቻ እንደማይበቃ ታውቃለች ማለት ነው።

አምስተኛ ፊልም እዚህ መጨመር አልነበረብኝም፤ የአውሮፓ አይደለም። ግን አራቱን ሳይ ሁሉ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ከጆሮዬ አልጠፋም። በ2014 ሰንዳንስ ላይም በርሊን ላይም የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው። ርዕሱ ራሱ ሌላ ቋንቋ የማይችለውን ይሠራል፤ ጀግንነቱንም መደፈሩንም አንድ ሥር ውስጥ ይይዛል። ያልኩት የአስተርጓሚ ችግር እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ አለ።

ፊልሙን ከአራቱ የሚለየው ባለታሪኩ ቢሮው መሆኑ ነው። ለጠለፋ የተዳረገችው ልጅ ሂሩት አለች፤ ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት ጠበቃዋ መዓዛም አለች። ታሪኩ የሚራመደው ግን ሴት የሕግ ባለሙያዎች ባቋቋሙት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ሰልፍ አለ፣ ፋይል ተቆልሏል፣ ባለሥልጣን ይዝታል። መዓዛ ደጓ ሐኪም ወይም ጠበቃ ወንድም ያላት እስረኛ አይደለችም፤ ሥራዋ ነው። ልጅቷን የምታሳድርበት መጠለያ ስታጣ ወደ ራሷ ቤት ስትወስዳት እንኳ ፊልሙ ያንን እንደ ደግነት ብቻ አያሳየንም፤ መኖር የነበረበት ነገር ባለመኖሩ የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ይታያል። እንከን አለበት፤ ንግግሮቹ አንዳንዴ እንደ ሥልጠና ጽሑፍ ይሰማሉ። አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽትም ታሪኩ የእሷ የሆነው ሴት አስከስሳ በፍርድ ቤት እግድ መቆሙን ሳንረሳ ነው። ስለ ተጎጂ የሚሠራ ጥበብ ተጎጂዋን ምን ያህል ጠየቀ የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ፊልሙን ስታዩ ግን አብራችሁ ያዙት።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያላችሁ የስፔኑን እዩ። ሁለት ከሆነ ቀጥሎ «ኸርሰልፍ»ን። የፈረንሳዩን ማታ ብቻችሁን አትዩት፣ በተለይ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደጋችሁ። «ፕሮቮክድ»ን ስታዩ ናንዲታ ዳስ ፍሬሙ ጥግ ላይ ፋይል ይዛ የምትቆምባቸውን ትዕይንቶች ቆም እያደረጋችሁ ተመልከቱ፤ ከኋላዋ ያለውን ቢሮ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ።